አውራ በግ ከመላክዎ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ ይሠራሉ። ወላጆቻቸው መንዝ፣ ሞላሌ አካባቢ ይኖራሉ። ቤተሰቡ 20 የሚሆኑ እናት በጎች አሉት። ዘንድሮ ከተወለዱት ግልገሎች ግማሽ ያህሉ አልቀዋል። ታናሽ ወንድማቸው «በጉን ሸጠን ባጃጅ እንግዛ» እያለ ነው። ጠያቂው ትንሽ ገንዘብ ቋጥረዋል። «የመንዝ በግ አያድግም፣ ዝርያውን ለማሻሻል ሁለት አውራ ልልክ ነው። አዋሲ ይሻላል ወይስ ዶርፐር?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ከውጭ የገቡ ትልልቅ የበግ ዝርያዎች ናቸው።

መልሴን ላስቀድም። ዘንድሮ ሁለቱንም አይላኩ። ገንዘቡን ግን ይላኩ፤ ለሌላ ነገር ይውላል። ግልገሎቹ የሚሞቱት አባታቸው ትንሽ ስለሆነ አይደለም። እናታቸው እርግዝናዋ ሲገፋ ስለምትራብ ነው። እነሱም የመጀመሪያዋን ሌሊት በብርድና በባዶ ሆድ ስለሚያሳልፉ ነው። ይህ ሳይስተካከል ትልቅ አውራ ቢመጣ ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም።

ይህን የምለው በጎችዎን ሳላይ ስለሆነ፣ እውነት መሆኑን እርስዎ ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ዛሬ ማታ ቤት ይደውሉ። አባትዎን ሰላም ካሉ በኋላ ስልኩን ለእናትዎ እንዲያቀብሉልዎ ይጠይቁ። መንዝ ውስጥ ገበያ ወጥቶ የሚደራደረው ብዙውን ጊዜ ወንዱ ነው። የትኛዋ በግ መቼ እንደወለደች፣ የትኛዋ ልጇን እንደገፋች፣ የትኛው ግልገል ጠዋት ሳይነሳ እንደቀረ የሚያውቁት ግን እናትና ልጆች ናቸው። እናትዎን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋቸው። «የሞቱት ግልገሎች ስንት ቀናቸው ነበር?»

በተወለዱ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ከሞቱ ነገሩ ብርድና ረሃብ ነው። ወር ገደማ ሆኗቸው እያሳሉ ወይም እያስቀመጣቸው ከሞቱ ወደ ሳንባ ምችና ወደ ጋጣው ንጽሕና እንሄዳለን። ጡት ጥለው፣ ሣር መጋጥ ጀምረው፣ ከስተው ከሞቱ የትል ጉዳይ ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። እኔ ግን ከሁሉም በፊት የምጠረጥረው የመጀመሪያውን ነው።

አሁን ስለ በጓ ራሷ ትንሽ ላውራ። የመንዝ በግ ትንሽ ናት መባሉ ልክ ነው። የጎለመሰች እናት ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ነው የምትመዝነው። ግልገሏም ሲወለድ ከሁለት ኪሎ ተኩል እምብዛም አያልፍም። ግን የምትኖርበትን አገር ያስቡት። ሞላሌም መሐል ሜዳም ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ናቸው። ጓሳ የሚባለው የሣር መስክ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ከጥቅምት በኋላ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት መስኩ ነጭ ሆኖ ይታያል። በዚያ ላይ የበልግ ዝናብ አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። በጓ ይህን የምትችለው ባላት ነገር ነው። ጠጉሯ ብርዱን ይመክትላታል። ላቷ በክረምት የጠገበችውን ስብ ለበጋ ያስቀምጥላታል። ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ በትንሽ መኖ ነፍሷን ታቆያለች።

ደብረ ብርሃን ላይ የመንዝና የምዕራብ ኢትዮጵያው የሆሮ በጎች ጎን ለጎን ተረብተው ተጠንተዋል። ሆሮ በቁመናው ይበልጣል። በዚያ ደጋ ላይ ግን በሕይወት በመትረፍ የመንዝ ግልገሎች በልጠው ተገኝተዋል። ስለዚህ ትንሽነቷን እንደ በሽታ አይቁጠሩት። እኔ ይህችን በግ በጣም ነው የማከብራት። የባናውም፣ የበርኖሱም፣ የአጎዛውም ምንጭ እሷ ናት። ዛሬ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገበያውን ስለያዘው ጠጉሯ የሚያወጣው ዋጋ ትንሽ ነው። ቢሆንም በየጊዜው መሸለት አለባት። ያልተሸለተ ጠጉር ቅማልና እከክ ይደብቃል። ስትሸልቱ ግን ውርጭ በሚበረታበት ወር አይሁን።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በግ አምስት ወር ገደማ ነው የምታረግዘው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጽንሱ ብዙም አያድግም። ግልገሉ ሲወለድ ከሚኖረው ክብደት ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው። ጡቷም የሚሞላው ያኔ ነው። ታዲያ እነዚህ ስድስት ሳምንታት የካቲትና መጋቢት ላይ ቢወድቁ ምን ትበላለች? መስኩ ተግጦ አልቋል። ቤት ያለው የገብስ ገለባ ነው። የገብስ ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ ጽንስ አያሳድግም። ስለዚህ ግልገሉ አንድ ኪሎ ተኩል ሆኖ ይወለዳል። ጡቷ ባዶ ይሆናል። ጉልበት ስለሌላትም ወልዳ አትልሰውም። ጥላው ትሄዳለች። ሰው «ይህቺ በግ ጨካኝ ናት» ይላል። ጭካኔ አይደለም፤ ረሃብ ነው።

በጓ መክሳቷን በዓይን ብቻ አትፍረዱ። ጠጉር ያታልላል። ወንድምዎ እጁን ከመጨረሻው ጎድን ጀርባ፣ ወገቧ ላይ ያሳርፍ። በጣቶቹ መሐል አጥንቱን በቀስታ ይዳስስ። የጀርባ አጥንቷ ጫፍ እንደ ቢላዋ ስል ሆኖ ከተሰማው፣ በጎን በኩል ያሉት አጥንቶች ሥርም ጣቱ ያለምንም ችግር ከገባ፣ ያቺ በግ ተርባለች። አጥንቱ ቢሰማም ክብ ከሆነ፣ ላዩም ሥጋ ከለበሰ ደህና ናት። አንድ መንጋ እንዲህ ለመዳሰስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ውጤቱ ግን ማንን መመገብ እንዳለባችሁ በትክክል ይነግራችኋል።

እንግዲህ ገንዘብዎን የሚፈልገው ቦታ ይህ ነው። ለአንዲት እርጉዝ በግ በቀን ሩብ ኪሎ ፉርሽካና ፋጉሎ (ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ተረፈ) ይበቃታል። ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ አድርጋችሁ ቀላቅሉት። ጨው ጣል አድርጉበት። መጀመሪያ ቀን ሩብ ኪሎውን በሙሉ እንዳትሰጡ። በእፍኝ ጀምራችሁ በሳምንት ውስጥ ሙሉ መጠኑን ታደርሳላችሁ። ያልለመደ ሆድ ድንገት እህል ነክ ነገር ከገባበት ይነፋል፣ ይታመማል። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። 20 በጎች፣ በቀን ሩብ ኪሎ፣ ለ45 ቀን 225 ኪሎ ይመጣል። ሁለት ኩንታል ከሩብ ማለት ነው። የዚህን ዋጋ ከሁለት የዶርፐር አውራ ዋጋ ጋር ያስተያዩት። የገበያውን ዋጋ ራስዎ ይጠይቁ፤ ልዩነቱን ያዩታል።

ሁሉም ነገር በግዢ መሆን የለበትም። ቤተሰቡ ባቄላ ወይም አተር የሚዘራ ከሆነ ገለባውን ከገብሱ ጋር አትደባልቁት። ለብቻው ክመሩትና ለእርጉዞችና ለአራሶች አስቀምጡት። ከገብስ ገለባ ብዙ ይሻላል። ጠላ ሲጠመቅ አተላው ለእናት በጎች ይቅረብ። ጓሮ አካባቢ ትሪ ሉሰርን ለመትከል ያስቡ። በደጋ የሚበቅል፣ ቅጠሉን በበጋም የማያረግፍ ዛፍ ነው። በጎች ሲወዱት ለጉድ ነው። አጃና ቬች የሚባለው አተር መሰል የመኖ ተክልም አብረው ተዘርተው ለድርቆሽ ይሆናሉ።

ስለ ድርቆሽ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው ገበሬ ሣሩን የሚያጭደው ኅዳር ላይ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ዘሩን አራግፎ ሲቆም ነው። ያኔ ድርቆሽ ሳይሆን ገለባ ነው የሚታጨደው። ሣሩ ማበብ ሲጀምር፣ ዝናቡ እንደቆመ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ቢታጨድ ጥቅሙ ሌላ ነው። ለዚህ ከክረምት ጀምሮ ከግጦሽ የተከለለ ቁራሽ መሬት ያስፈልጋል። መከለል ደግሞ ለመንዝ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የጓሳ ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው። ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ድርቅ ሲጠና በጋራ ውሳኔ ይከፈታል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ቆይቶ በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል። አባትዎ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ የምለው ያንኑ ጥበብ በጓሮ መጠን ይድገሙት ነው።

አሁን ወደዚያች የመጀመሪያ ሌሊት እንምጣ። ዝርዝሩ ትንሽ ይረዝማል፤ ግን ግማሹ ግልገል የሚድነው እዚህ ጋ ነው።

በጓ ልትወልድ ስትል ከመንጋው ትገለላለች፣ መሬት በእግሯ ትጭራለች። ጡቷ ይወጠራል። ያን ቀን ለግጦሽ አትውጣ። ጋጣው ጥግ ላይ አሮጌ በርም ሆነ እንጨት አቁማችሁ ጠባብ ክልል ሥሩላት። ደረቅ ገለባ ይነጠፍ። ስትወልድ ቶሎ ጣልቃ አትግቡ፤ ትላሰው። የምትልሰው ለማድረቅ ብቻ አይደለም። ልጇን በጠረኑ የምትለየው በዚያ ነው። ከደከመች ወይም ካልላሰችው ግን በደረቅ ገለባ ወይም በአሮጌ ባና ግልገሉን በደንብ አሹት። እርጥብ ግልገል በመንዝ ሌሊት ሰዓታት አይቆይም። እትብቱ ላይ አዮዲን ይደረግ። ከደብረ ብርሃን የሚገዛ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለዓመት ይበቃል።

ከዚያ እንገሩ ነው። ግልገል ሲወለድ በሽታ የሚከላከልበት ምንም ነገር በደሙ ውስጥ የለውም። ያን የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው። የአንጀቱ በር ደግሞ ቶሎ ይዘጋል። ከአንድ ቀን በኋላ እንገር ቢጠባ እንደ ምግብ እንጂ እንደ መከላከያ አይጠቅመውም። ስለዚህ በተወለደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢጠባ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ማግኘት አለበት። ለሁለት ኪሎ ተኩል ግልገል ሩብ ሊትር ማለት ነው። ከመጥባቱ በፊት ሁለቱንም ጡት አንዴ አንዴ አለብ አድርጉ። የጡቱ ጫፍ እንደ ሰም በደረቀ ነገር ይደፈናል። ጠንካራ ግልገል ስቦ ይከፍተዋል። ደካማው ግን ሲስብ ሲስብ ሰልችቶት ይተኛል። ሰው «ሲጠባ አየሁት» ይላል፤ ሆዱ ግን ባዶ ነው።

ጠብቶ እንደሆነ የሚታወቀው በእጅ ነው። ጣትዎን አፉ ውስጥ ያስገቡ። አፉ ሞቃት ከሆነና ጣትዎን ከሳበ ደህና ነው። ሆዱን ከሥር ይዳስሱት፤ ሞላ ብሎ መሰማት አለበት። አፉ ከቀዘቀዘ ግልገሉ እየሞተ ነው፤ ገና ቆሞ የሚሄድ ቢሆን እንኳ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በቅን ልቦና ግልገሉን ይገድለዋል። ቀዝቅዞ አንገቱን መያዝ ያቃተውን ግልገል አፉን ከፍቶ ወተት ያንቆረቁርበታል። መዋጥ ስለማይችል ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ይሙቅ። ምድጃ አጠገብ፣ በባና ተጠቅልሎ፣ ሰው ሰውነት ላይ ታቅፎም ቢሆን ይሙቅ። አንገቱን ቀና ሲያደርግና ጣት መሳብ ሲጀምር ያኔ ከእናቱ የታለበ ለብ ያለ እንገር በጡጦ ይሰጠው። እናቱ እንገር ከሌላት በዚያው ቀን ከወለደች ሌላ በግ አልባችሁ ስጡት።

እናትና ልጅ በዚያች ጠባብ ክልል ሁለትና ሦስት ቀን ይቆዩ። መኖና ውኃ ይቅረብላት። ይህ ለእረኛው ልጅ ሥራ ይጨምራል። ብዙ ቤት ደግሞ ልጆች ትምህርት ቤት ስለሚውሉ በጉን የሚጠብቅ ሰው ጠፍቷል። ችግሩ እውነተኛ ነው። ለዚህ ነው ውልደቱ ዓመቱን ሙሉ ከሚበታተን በአንድ ወቅት ቢሰበሰብ የምመርጠው። አውራው ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ለወር ተኩል ቢለቀቅ፣ ግልገል የሚመጣው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መግቢያ ነው። እናቶቹ እርግዝናቸው የሚገፋው ሣር በሞላበት ጊዜ ይሆናል። ግልገሎቹም ለፋሲካ ስድስት ወር ይሆናቸዋል። በሌላው ጊዜ አውራው ሆዱ ሥር ከጆንያ የተሰፋ ሽርጥ ይታሰርለታል። በየጥቂት ቀኑ ተፈትቶ ቁስል እንዳይኖረው ይታያል። ግን ግጦሹ የጋራ ከሆነ የጎረቤት አውራ አለ። ጎረቤት ካልተስማማ ይህ አይሠራም። ስለዚህ ለአባትዎ የምሰጣቸው ሥራ ይህ ነው። ከመንጋው ተጋሪዎች ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገሩበት።

ጋጣውን አትርሱ። ብዙ የመንዝ ቤት በጎቹን ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያሳድራል። ለሙቀቱ ጥሩ ነው። ወለሉ ግን እርጥብ ከሆነና ጠዋት በር ሲከፈት የሽንቱ ሽታ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ፣ ያ አየር የግልገሉን ሳንባ ይጎዳል። ወለሉ በየጊዜው ይጠረግ፤ ከላይ በኩል ጭሱና ሽታው የሚወጣበት ቀዳዳ ይተውለት። ግልገሎች ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ በተሠራ መደብ ላይ ቢያድሩ ደግሞ ደረቅ ይሆናሉ።

አሁን አውራውን በተመለከተ። «አያድግም» ያሉት ነገር ከፊሉ እውነት ነው። ምክንያቱን ግን ልንገርዎ። ቤታችሁ ከተወለዱት ወንዶች መካከል መጀመሪያ የሚሸጠው የትኛው ነው? ቶሎ ያደገው ነው። ገና፣ ፋሲካ ወይም እንቁጣጣሽ ሲደርስ ነጋዴ መጀመሪያ እጁን የሚያሳርፈው እሱ ላይ ነው። ለገበያ ያልደረሰው ቀጫጫው ቤት ይቀራል። ዓመት ሲሞላው አውራ የሚሆነው ያ የቀረው ነው። ለትውልድ ትውልድ ምርጡን እየሸጡ ደካማውን ማስወለድ ማለት ይኸው ነው። ደሃ ቤተሰብ ይህን የሚያደርገው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ማዳበሪያ መግዣና የልጅ ደብተር ስለሚያስፈልግ ነው።

ለዚህ መልስ የተገኘው እዚያው ሞላሌና መሐል ሜዳ ነው። በ2001 ዓ.ም. ግድም የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ኢካርዳና ኢልሪ ከሚባሉት ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚመራውን የዝርያ ማሻሻያ ጀመረ። በዚያው ጊዜ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎችም ላይ ተሞክሯል። አሠራሩ ቀላል ነው። ግልገሎች ሲወለዱም፣ ጡት ሲጥሉም፣ ስድስት ወር ሲሆናቸውም ይመዘናሉ። ይመዘገባሉ። ገበሬዎቹ ራሳቸው ከባለሙያው ጋር ተሰብስበው በክብደቱም በቁመናውም ምርጡን ይለያሉ። የተመረጠው አይሸጥም፤ በጋራ ይገዛና በመንጋዎቹ መካከል ይዞራል። የቀረው ይኮላሽና ሙክት ይሆናል። ቀንዱን፣ ላቱን፣ ቀለሙን የሚመርጡት ገበሬዎቹ ናቸው። የበዓል ገዢ ምን እንደሚፈልግ ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል?

ስለዚህ አውራ መግዛት ከፈለጉ ከእነዚህ ማኅበራት አንድ የተመረጠ የመንዝ አውራ ይግዙ። ለ20 እናት በግ አንድ ይበቃል። በዓመት ከስድስት ወር ገደማ ከሌላ መንደር ጋር ይለዋወጡት፤ ካለዚያ የራሱን ሴት ልጆች ይሰርራል። በቤት ያሉትን ደካማ ወንዶች ቶሎ አስኮላሹ። ይህ ካልሆነ ምርጡ አውራ መጥቶም ግማሹ ግልገል የሚወለደው ከቀጫጫው ነው።

አዋሲንና ዶርፐርን ጭራሽ አይሆኑም እያልኩ አይደለም። አዋሲ ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣ ላታም በግ ነው። ከአሥርተ ዓመታት በፊት ገብቶ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ የማራቢያ ማዕከላት ከመንዝ ጋር ተዳቅሏል። ዲቃላው ከተመገበ ክብደት ያመጣል፤ ብዙ ገበሬም ወዶታል። ዶርፐር የደቡብ አፍሪካ በግ ነው። ሥጋ ላይ ጎበዝ ነው። ግን ጠጉሩ አጭር፣ ጭራው ቀጭን ነው። በ3,000 ሜትር ውርጭ ውስጥ ጠጉርና ላት ትርጉም አላቸው። ለፋሲካ በግ የሚገዛ ሰውም መጀመሪያ የሚጨብጠው ላቱን ነው። ሁለቱም ከመንዝ በግ የበለጠ ይበላሉ። ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ መኖ በቅርብ የሚገዛ፣ መስኖ ያለው፣ ለገበያ የሚያደልብ ሰው ዲቃላ ቢይዝ ያዋጣዋል። የእናንተ ቤት ግን አሁን ያለውን በግ እንኳ በበጋ ማጥገብ አልቻለም። በተጨማሪም ትልቅ አባት ትልቅ ግልገል ያመጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ ቄብ ምጥ ሊጠናባት ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። በማራቢያ ማዕከላት የማኢዲ ቪስና በሽታ ተገኝቶ የዲቃላ ሥርጭቱን ክፉኛ አስተጓጉሎት ነበር። ቀስ ብሎ ሳንባ የሚያበላሽ፣ በእንገርና በወተት ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፍ፣ መድኃኒትም ክትባትም የሌለው በሽታ ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ የጤና ምርመራ ወረቀት የሌለው አውራ ከመኪና ላይ ገዝተው ወደ መንጋው እንዳይቀላቅሉ።

በሽታ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ላንሳ። አንዱ የጉበት ትል ነው። በረግረግ ቦታ፣ በምንጭ ዳር በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ በኩል ነው የሚመጣው። ከክረምት ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ረግረጉ ዳር ያለው ለምለም ሣር በትሉ ጽንስ የተሞላ ነው። በጉ ጥር ላይ መክሳት ይጀምራል። የዓይኑን ሽፋን ገልበጥ ሲያደርጉት ውስጡ ነጭ ይሆናል። ከመንጋጋው ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት ያወጣል። ሰው ገበያ ሄዶ አይቨርሜክቲን የሚባለውን የትል መርፌ ይወጋል። አይቨርሜክቲን የጉበት ትልን አይነካም። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ነው፤ በእርግዝና የመጀመሪያ ወርም አይሰጥም። ትሪክላቤንዳዞል ትንሹንም ትልቁንም ይገድላል። ጥር አካባቢ መስጠት ዋናው ነው፤ መጠኑንና ድጋሚውን ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ወስኑ። ክትባትም እሱን ጠይቁት፦ የበግ ፈንጣጣ፣ የሳንባ ምችና ደስታ መሰሉ በሽታ። ክትባቶቹ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታሉ።

ሁለተኛው አዙሪት ነው። ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ቆሞ የሚዞር፣ ከመንጋው የሚቀር በግ አባትዎ ሳያዩ አይቀሩም።  አንጎሉ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አለ። የውሻ ኮሶ ትል ልጅ ነው። ያ በግ ይታረድና ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል። ውሻው ከረጢቱን ይበላል፤ ትሉ ሆዱ ውስጥ ያድጋል። ከዚያ ውሻው መስክ ላይ ይጸዳዳል፤ በጎቹ ሣሩን ይግጣሉ። ዑደቱን የሚቆርጠው ቢላዋ የያዘው ሰው ነው። ጭንቅላቱ ይቃጠል ወይም ጥልቅ ተደርጎ ይቀበር። ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ከታየም ለውሻ አይሰጥ። ይህኛው ሌላ የውሻ ትል ነው፤ ከውሻው ወደ ሰውም ይተላለፋል። ውሻው በየሦስት ወሩ ፕራዚኳንቴል ቢዋጥ ጥሩ ነው።

የወንድምዎን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። «በጉን እንሽጥ» የሚለው ልጅ ሰነፍ ላይሆን ይችላል። በብዙ ቤት ልጁ ዓመቱን ሙሉ ይጠብቃል፤ ሲሸጥ ግን ብሩ አባት ኪስ ይገባል። እሱ ባጃጁን የሚፈልገው የራሱ የሆነ ነገር ስለሚፈልግ ነው። ያን ከበጉ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። ከገንዘብዎ ከፊሉን ለእሱ በስሙ ይስጡት። የሁዳዴ ጾም ሲገባ የበግ ገበያ ይቀዘቅዛል። አጥንታቸው የወጣ ግን ጤነኛ የሆኑ አራት አምስት ወንዶች ይግዛ። መጀመሪያ የትል መድኃኒት ይስጣቸው። ከዚያ ድርቆሽ ላይ ፉርሽካና ፋጉሎ እየጨመረ 55ቱን ቀን ይመግባቸው፤ ፋሲካ ዋዜማ ይሽጥ። ትርፉ የእሱ ይሁን። ጥቂት እናት በጎችንም በርቢ ሊይዝ ይችላል፤ ከሚወለደው ድርሻውን ይወስዳል። ይህን ሁለት ዓመት ሞክሮ አሁንም ባጃጅ እፈልጋለሁ ካለ አይያዝ። ያኔ ግን የሚሸጠው የራሱን በግ ነው፤ የእናትዎን ጓዳ የሚደጉሙት 20ዎቹ እናቶች አይነኩም።

እንግዲህ ዘንድሮ የሚያስፈልገው ሁለት ኩንታል ከሩብ መኖ፣ አንድ ጠርሙስ አዮዲን፣ አንድ ጡጦ፣ በጥር የሚሰጥ የትል መድኃኒትና የወንድምዎ መነሻ ነው። የቀረውን ለከርሞ፣ ከማኅበር ለሚገዛው አውራ ያስቀምጡት። እናትዎን ካነጋገሩ በኋላ ግልገሎቹ በስንት ቀናቸው እንደሞቱና በየትኛው ወር እንደተወለዱ ይጻፉልኝ። ከሦስተኛ ቀን በኋላ የሞቱት የሚበዙ ከሆነ ያልኩት ቅደም ተከተል ይቀየራል፤ ከጋጣውና ከትሉ እንጀምራለን።